ጅማ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ጅማ ሥራ ሲያገኝ ደስታው ከአንድ ምሽት አያልፍም። በማግሥቱ እናቱ «እዚያ ማን ዘመድ አለህ?» ትለዋለች። ጓደኛው ዝናቡን ያነሳል፣ ሚስቱ የልጆቹን ትምህርት፣ አጎቱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመንገዱን ነገር። ሳምንት ሳይሞላ የቅጥር ደብዳቤው መሳቢያ ይገባል። የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሰው በዘመድ በወዳጅ በኩል ስልኬን አግኝቶ ይደውላል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «እውነቱን ንገረኝ፣ ልምጣ ወይስ ልቅር?»

እንዲህ በጅምላ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለኝም። ሥጋቱ አንድ መስሎ ይከብዳል እንጂ ሲፈቱት ብዙ ነው። የገንዘብ አለ፣ የልጅ አለ፣ የጤና አለ፣ የቀብር አለ፣ «እንግዳ ነህ ይሉኝ ይሆን?» የሚልም አለ። ገሚሱ በአንድ ስልክ ይጣራል፣ ገሚሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቢቀመጡ ይሰላል። መጥተው ካላዩት የማይገባው ጥቂቱ ነው። ለዚያ ለጥቂቱ የምሰጠው ምክር ብዙ ሰው ያስቃል፦ ጅማን በነሐሴ ይዩዋት።

በኅዳር ያዩትን አይመኑ

ከአዲስ አበባ ጅማን «እስኪ ልያት» ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሠርግ አለ። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ወጣ ቢል ቀይ እሸት ቡና በየአልጋው ላይ ተሰጥቶ ያያል። ለቃሚው፣ ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ባለ መኪናው ሁሉ እጁ ላይ ብር አለ። ሻይ ቤቱ ይሞላል፣ ልብስ ሱቁ ይሞላል፣ ባጃጅ ቆሞ መጠበቅ ይመጣል። እንግዳውም «ይህቺን የመሰለች ከተማ!» እያለ ይመለሳል። የዋሸው ሰው የለም፤ ያየው ግን የዓመቱን ምርጥ ወር ነው።

ነሐሴ ሌላ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ሰኔን አይጠብቅም። ከመጋቢት፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ሲመላለስ ቆይቶ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ነሐሴ ላይ የታጠበ ጂንስ ተሰቅሎ ሰንብቶም ወገቡ አካባቢ እርጥብ ነው። አልጋ ሥር የተረሳ የቆዳ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቴሌቪዥን መስማት ቀርቶ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ይጠብቁታል። ይህን የሚወድ አለ፤ እኔ አንዱ ነኝ። ሳያዩት «እችለዋለሁ» ማለት ግን ሌላ ነው።

ከዝናቡ የሚብሰው የኪስ ድርቀቱ ነው። የቡና አገር ገቢ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ነሐሴ ላይ ያምናው ቡና ተሽጦ ተበልቷል፣ የዘንድሮው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። በዚህ ወር ቡና አምራች መንደር ውስጥ አንዱ ሱቅ ገብተው ባንኮኒው ላይ ዓይንዎን ጣል ያድርጉ። ጫፉ የተጠቀለለ ባለ መስመር ደብተር አለ። ስም፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቁጥር፤ ከዚያ ሌላ ስም። ደንበኛው «ቡናው ሲደርስ» ይላል፣ ባለ ሱቁ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ሁለቱም ስለ ኅዳር ነው የሚያወሩት። ዋጋው በዓለም ገበያ ከወደቀ ወይም ዛፉ ካልያዘ ያ ደብተር ለከርሞ ይተላለፋል።

ለደመወዝተኛ ይህ ምን ያገባዋል? ያገባዋል። ካፌ፣ ፀጉር ቤት፣ ጋራዥ ወይም የግል ክሊኒክ ለመክፈት ያሰበ ሰው የኅዳርን ገበያ በ12 አባዝቶ ካሰላ ነሐሴን አይሻገርም። ባልየው ተቀጥሮ ሚስቱ ሱቅ ልትከፍት የተስማሙ ባልና ሚስት ካሉ ያቺን ደብተር ሳያዩ የንግድ ፈቃድ እንዳያወጡ።

350 ኪሎ ሜትር

ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው፣ ይህንኑ ያህል ርቀት በሌላም አገር ሰው ሲያስጨንቅ ኖሯል። እንግሊዝ ውስጥ ከለንደን ማንችስተር ያለው መንገድ ከዚህ ብዙም አያንስም። የደቡብ እንግሊዙ ሰው «ሰሜን ሥራ ተገኘልህ» ሲባል የሚለው እኛ ከምንለው አይለይም፤ ይበርዳል፣ ይዘንባል፣ ከለንደን ከወጣሁ ተረሳሁ። ቢቢሲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፖርትና የልጆች ክፍሎቹን ማንችስተር አጠገብ ወዳለችው ሳልፎርድ ሲያዛውር ሠራተኛው ሁሉ አብሮ አልሄደም። እዚያ ግን ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ባልበለጠ ጊዜ ያደርሳል፤ ዓርብ ማታ ወጥቶ እራት ከእናቱ ጋር የሚበላ አለ።

እኛ ዘንድ ያ ሰው በንጋት ተነስቶ፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ፣ የግቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በሶኮሩና በአሰንዳቦ በኩል ጅማ ሲገባ ቀኑ አልቋል። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለትኬቱ ግን ደመወዝ ይጠይቃል። ስለዚህ «ቤተሰቤን አዲስ አበባ ትቼ ቅዳሜና እሁድ እመላለሳለሁ» የሚለው ዕቅድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይባላል፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ ለዓመት በዓል። ወይ ቤተሰቡ ይምጣ፣ ወይ መራራቁ ከመጀመሪያው በግልጽ ተወርቶ የሚያበቃበት ቀን ይቆረጥለት። መሃል ላይ የሚንጠለጠለው ነው ቤት የሚያፈርሰው።

የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ከወር በፊት የሰሙትን ይዘው አይነሱ፤ ሥጋቱን በወሬ ማሳደግም ማጣጣልም አያዋጣም። በሚጓዙበት ሳምንት በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ይጠይቁ።

ቤት ሲያዩ

የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ይረክሳል፤ ለብዙዎች የመምጫቸው ምክንያትም እርሱ ነው። ሂሳቡ ላይ የሚረሳው የመመላለሻው ወጪ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰው ሆናችሁ እንደምትመለሱ ቆጥራችሁ ከኪራዩ ትርፍ ላይ ቀንሱት። የተረፈው እርሱ ነው እውነተኛው ትርፍ።

ደላላ ቤት የሚያሳየው ፀሐይ ባለበት ሰዓት ነው። ግድግዳውን ቀና ብለው ሳይሆን ጎንበስ ብለው ይዩት። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቀለሙ ያበጠበት ወይም የተላጠበት መስመር ካለ ክረምት ሲገባ እርጥበቱ እስከዚያ ይወጣል ማለት ነው። ቁም ሣጥን ካለ ይክፈቱና ያሽትቱ። ውኃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ባለቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ፤ ወይም ዝም ብለው ግቢው ውስጥ ያለውን ሮቶና በርሜል ይቁጠሩ፣ ይነግርዎታል። መብራትም ይጠፋል። ወደ ጅማ ሲመጡ የሚያልፉት በ1996 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው የግልገል ግቤ ግድብ አካባቢ ነው፤ ግድቡ ደጃችን ሆኖ ሻማ ለምን እንደምንገዛ እስካሁን አጥጋቢ አድርጎ ያስረዳኝ የለም።

ብቻዋን ለምትመጣ ሴት አከራይዋ መጀመሪያ የምታነሳው ዋጋ አይደለም። «ልጄ፣ ላጤ ነሽ? የት ነው የምትሠሪው? የሚያውቅሽ ማን አለ?» ትላለች። መከፋት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባም ተመሳሳይ ነው፣ እዚህ ግን መልሱ ክብደት አለው። ከሥራ ባልደረቦች አንዱን ይዞ መሄድ ብዙ ነገር ያቀላል። ውል በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በክልል ከተሞች የት የት ተፈጻሚ እንደሚሆን የሚወስኑት ክልሎቹ ስለሆኑ ከመፈረምዎ በፊት ቀበሌውን ይጠይቁ።

ብሞትስ ማን ይቀብረኛል?

ይህን ጥያቄ በስልክ በቀጥታ የሚጠይቀኝ የለም። ስለ ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ተወርቶ ካለቀ በኋላ ድምፁ ይለወጥና «የዕድሩስ ነገር?» ይላል። እኔ ከሁሉ የከበደው ሥጋት ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ዕድሜው 40 ከዞረ በኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባ ዕድርዎ በወር መዋጮ ብቻ አይቆምም። ለቅሶ ላይ መገኘት አለ፣ ድንኳን መትከል አለ፣ ሌሊት ማደር አለ። የቀረ ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ ስሙ ይሰረዛል። ስለዚህ ከተማ የሚለቅ ሰው መዋጮውን በሞባይል ባንክ እየላከ «አባል ነኝ» ቢል መተዳደሪያ ደንቡ ላይቀበለው ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን ያነጋግሩ። ወንድም ወይም አባት በእርስዎ ስም እየተገኘ እንዲቀጥል የሚፈቅድ ዕድር አለ፤ የማይፈቅድም አለ። የተፈቀደ ከሆነ በቃል አይቅር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። የሚኖሩበት ቤት እናት ወይም አባት ያሉበት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ለእርስዎ ብቻ አይደለምና ዕድሩን ማቋረጥ የሚታሰብ አይደለም።

ጅማ ላይ በቅድሚያ የሚቀለው የመሥሪያ ቤት ዕድር ነው፤ ካለ በገቡበት ወር ይመዝገቡ። የሰፈሩ ቀጥሎ ይመጣል። መግቢያ ይጠየቃል፤ ገና የገባ አባል ሙሉ መብት እስኪያገኝ መቆየት ያለበት ጊዜም ሊኖር ይችላል። «ለሁለት ዓመት ነው የመጣሁት፣ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አለ። ለሁለት ዓመት የመጣውም ይታመማል፣ ዘመዱ ይሞትበታል፣ መርዶ የሚያረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። ጎረቤት አዲስ ገቢን ለወራት «ከአዲስ አበባ የመጡት» እያለ ነው የሚጠራው። አንድ ለቅሶ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ፣ ለተቀመጠው ሰው ውኃ አዙሮ ያደረ ሰው ግን በማግሥቱ በስሙ ይጠራል። ሚስቱ ስኒ ካጠበችማ ቡና መጠራት በዚያው ሳምንት ይጀምራል፤ ልጅቷ በር ላይ ቆማ «እማዬ ቡና ፈልቷል ብላለች» ስትል መልሱ «መጣሁ» ነው እንጂ «ሥራ አለብኝ» አይደለም። ሁለት ጊዜ እምቢ ያለች ሴት ሦስተኛ አትጠራም።

መሸኛ ከመውሰድዎ በፊት

የአዲስ አበባ ወረዳ መሸኛ ይሰጣል፣ የጅማው ቀበሌ በዚያ ይመዘግባል። ፋይዳ ቁጥርዎ የትም ቢሄዱ ያው ነው፣ አድራሻው ብቻ ይስተካከላል። ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ዓይነት ሰው ግን እጁን ይሰብስብ። አንደኛው የቀበሌ ቤት ያለው ነው። የቀበሌ ቤት ማከራየት ክልክል ነው፣ ዘግቶ መሄድም ቤቱን ሊያሳጣ ይችላል። ከከተማዋ መሃል ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው በዚህ ቢያመነታ ፈሪ አይባልም። ሁለተኛው በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ እስካሁን እየቆጠበ ያለው ነው። ነዋሪነት ማስረጃ ሲጠየቅ ምን እንደሚደርስበት የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ከዚያ ነው መሸኛ ማውጣት።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ዝውውር ከአዲስ ቅጥር ይሻላል፤ አገልግሎትዎ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ካልሆነም ክሊራንስና የሥራ ልምድ ሳይዙ አይንቀሳቀሱ፤ ኋላ ለአንዲት ማኅተም 350 ኪሎ ሜትር መመለስ አለ። በግል ድርጅት ላለ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለት ቁጥሮች ይበቁታል። ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አዲሱ ሥራ ላይ ደግሞ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ስድሳ የሥራ ቀን ከሁለት ወር በላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ብቻዎን ይምጡ፣ አንድ ክፍል ይከራዩ፣ የአዲስ አበባውን ቤት አይልቀቁ። ጡረታው አይጠፋም፦ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው እየተቆረጠ በዚያው በጡረታ ቁጥርዎ ይቀጥላል።

ከመሃል ከራቅሁ እረሳለሁ

ይህ ሥጋት ለአንዳንዱ እውነት ነው፣ ለአንዳንዱ ተረት። ሙያዎ ማስታወቂያ፣ ፊልም፣ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወይም የውጭ ድርጅት ጽሕፈት ቤት ከሆነ የዕድገቱ መሰላል አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ጅማ ያሳንስዎታል። ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የቡና ሰው ከሆኑ ግን መሃሉ እዚህ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲቋቋም ከባዶ አልተነሳም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤትና በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ነው። ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ኅብረተሰቡ መሃል የማስተማሩን ዘዴ ለአገሩ ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ሆስፒታሉ ጣሊያን ከተከለው ተነስቶ ዛሬ ለደቡብ ምዕራቡ አገር ሁሉ ሪፈር የሚጻፍበት ሆኗል። አንድ ወጣት ሐኪም እዚህ በአንድ ዓመት የሚያየውን የሕመም ዓይነት አዲስ አበባ ያለ እኩያው ተሰልፎ ላያገኘው ይችላል። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገሩን ሲወር ከየጫካው ናሙና ሰብስበው በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ያወጡት የዚያ ማዕከል ሰዎች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ፤ በስሙ ብቻ ግን ዕቃ አይጫኑ፣ የሚቀጥርዎትን ድርጅት ያጣሩ።

ጤናን በሁለት ቃል፦ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ2000 ሜትር በታች ወባ አለ፤ አዲስ አበባ ያደገ ቤተሰብ ደግሞ ትኩሳት ሲመጣ ጉንፋን ነው ብሎ ነው የሚተኛው። አጎበር ይሰቀል፣ ልጅ ካተኮሰው በዚያው ቀን ደም ይመርመር።

የልጆቹ ትምህርት

በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃው በአፋን ኦሮሞ ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ፤ ሰፈሩን ከመምረጥዎ በፊት እነርሱን ያግኙ። ገና አንደኛ ክፍል ያልገባ ልጅ ካለ አይጨነቁለት፤ ጨዋታው ያስተምረዋል፣ በዓመቱ እርሱ ለእርስዎ አስተርጓሚ ይሆናል። የሚቸግረው መሃል ላይ ያለው ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና በክልል ደረጃ ስለሚዘጋጅ በእነዚህ ክፍሎች ያለን ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ማንሳት ግፍ ነው። ዘጠነኛ የገባው ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመጻሕፍቱ ቋንቋ አይለወጥበትም።

ለእርስዎም ቢሆን በአማርኛ ብቻ ጅማ ከተማ መኖር ይቻላል። የቀበሌው ማመልከቻና ማስታወቂያው ግን በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወደ ማናና ወደ ጎማ ገጠር ወጥቶ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ያለ ቋንቋው ሥራው ግማሽ ነው። ማንም ሰዋስው አይፈትንዎትም። «አካም ጅርታ» ብለው ሰላምታ የጀመሩለት ባለ ሱቅ ቀሪውን በአማርኛ ይጨርስልዎታል፣ ፊቱ ግን ሌላ ነው።

እንግዳ ይሉኝ ይሆን?

ዘመኑ ብሔር የሚጠየቅበት ዘመን ስለሆነ ይህን መፍራት አያሳፍርም። የትም ቦታ ክፉ ቃል የሚወረውር ሰው እንደማይጠፋ ሁሉ እዚህም አይጠፋም፤ የሌለ ነው ብዬ አልሸነግልዎትም። ግን ጅማ በመጤ የተሠራች ከተማ መሆኗን ይወቁ።

የከተማዋ እምብርት ሂርማታ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ዛሬም ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ከ1871 ዓ.ም. አካባቢ እስከ 1924 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጂሬን ላይ ከነበረው ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ለምኒልክ እየገበሩ፣ ነጋዴውን እያቀረቡ ገበያዋን አሰፏት። የሰሜን ሲራራ ነጋዴ መጣ፣ ዓረቡ መጣ። ያ ገበያ ባሪያም ይሸጥበት እንደነበረ መደበቅ አይገባም፤ ወዶ ያልመጣም ብዙ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ አዲስ ሰፈር ሠራባት። ከዚያ በኋላ ቡና ዋጋ ሲያወጣ ዳውሮው፣ ከምባታው፣ የሙ፣ ከፊቾው፣ ጉራጌው ለለቀማም ለንግድም ጎረፈ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከሰሜን አንስቶ በሰፈራ ከበተነው 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ ከፊሉ ያረፈው በዚያን ጊዜው የከፋ ክፍለ ሀገር ነው፤ ያ ሰው «ልምጣ ወይስ ልቅር» ብሎ የመጠየቅ ዕድል አልነበረውም።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 120,960 ነበር። ከመቶው 47 ገደማው ኦርቶዶክስ፣ 39 ገደማው ሙስሊም፣ 13 ገደማው ፕሮቴስታንት ነው። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ በጣም በዝቷል፣ ድብልቅነቷ ግን በየመንገዱ ይታያል። ሌሊት አዛንና ቅዳሴ እየተከታተሉ ይሰማሉ፤ እንቅልፍዎ ቀላል ከሆነ ቤት ሲከራዩ ይህንንም ያስቡበት።

ዕቃው ሲጫን

ከወሰኑ በኋላ ጊዜ ይምረጡ። ልጅ ካለ መስከረም ከመግባቱ በፊት ምዝገባ ማለቅ አለበት። ዕቃ ግን በነሐሴ አያስጭኑ፤ ሸራው ያፈሳል፣ ፍራሽ አንዴ ከራሰ ጅማ ውስጥ እስከ ጥቅምት አይደርቅም። የሚቻል ከሆነ ሰው ይቅደም፣ ዕቃው ቡናው ሲጀምር ይከተል። በዚያ ወቅት ቡና ሊያነሱ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የጭነት መኪኖች አሉ፤ ባዶውን የሚመጣ ከተገኘ በሂሳቡ መደራደር ይቻላል።

ሁሉንም አይጫኑ። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት፣ በርጩማዋ ስም ያላት ናት፤ አልጋና ቁም ሣጥን እዚሁ አናጢ ጋ ለክፍሉ ልክ ይሠራል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆኑን ግን ቆመው ያረጋግጡ፤ እርጥብ ጣውላ ክረምቱ ሲመጣ ይጣመምና በሩ አልገጥም ይላል። ምንጣፍ አያስፈልግም። ማቀዝቀዣ ከመጣ ስታቢላይዘሩም አብሮ ይምጣ፤ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመለሰው።